የመፀው ዐውደ ርእይ በሥነ ጥበብ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እንዴት ይዘጋጃል?

ክረምቱ ሲወጣ ባሕር ዳር ቀለም ትለውጣለች። ደፍርሶ የከረመው የጣና ውኃ መጥራት ይጀምራል፣ በየመንገዱ ዳር አደይ አበባ ይፈነዳል፣ ተማሪውም ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። አንድን የሥነ ጥበብ ተማሪ ከመጻሕፍት ጋር ለማስተዋወቅ ከዚህ የተመቸ ወቅት አላውቅም።

ዐውደ ርእይ ስል ግድግዳ ማስጌጥ ማለቴ አይደለም። ከመደርደሪያው ወርዶ የማያውቅ መጽሐፍ በተማሪ ብብት ሥር ሆኖ ከበር ሲወጣ ማየት እፈልጋለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለዚያ ነው።

ቀኑን ቁጠሩ

በእኛ አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት፣ እስከ ኅዳር 5 ያሉት፣ ወርኃ ጽጌ ናቸው። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ዓይነት ማሳያ ተዘርግቶ ከቆየ ዓይን ይለምደውና ማንም አያየውም። ስለዚህ ወቅቱ ራሱ በሚከፍለው መንገድ ክፈሉት፤ መጀመሪያ አበባው፣ ቀጥሎ አዝመራው፣ በመጨረሻ አውድማው። በእያንዳንዱ መሸጋገሪያ መጻሕፍቱ ይቀየራሉ፤ ሣጥኑና መደገፊያው እንዳለ ይቆያል። ዝግጅቱን ነሐሴ ላይ ጀምሩ። መስከረም ላይ የምዝገባው ወረፋ ሌላ ሥራ አያሠራም።

አንድ ክር ያዙ

“የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ” የሚል ርእስ ምንም አይመርጥም፤ ሁሉንም ያስገባልና። አንድ ቀለም፣ አንድ ቁስ ወይም አንድ ጥያቄ ይበቃል። የእኔ ምርጫ ቢጫ ነው። ከአደይ ተነስቶ በደረሰ ጤፍ አልፎ እስከ አውድማው ገለባ ድረስ ወቅቱን ያደርሳል።

በመጻሕፍቱም ውስጥ ቢጫ ረጅም መንገድ ይሄዳል። በጥንታዊ ሥዕሎቻችን ላይ የቅዱሳኑን አክሊለ ብርሃን ተመልከቱ። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በደቅ ደሴት ላይ በተሠራችው በናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችንና ከሕፃኑ እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ የዚያ ዘመን ሥዕል የጀርባ ቀለም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እየደበዘዘ የሚሸጋገር ነው። የቀለም ኬሚስትሪ መጽሐፍ ደግሞ ኦርፒመንት የተባለው የጥንት ቢጫ ከአርሰኒክ ማዕድን እንደሚገኝና መርዛማ እንደሆነ ይነግራል። ከአጠገቡ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥዕሎች የያዘ ካታሎግ ከግጥሞቹ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሠዓሊና ገጣሚ በአንድ ሰው ውስጥ መኖራቸውን በቃል ከመስማት ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ ላይ ማየት ይበልጣል። አሥራ ሁለት መጻሕፍት ለአንድ ዙር ይበቃሉ፤ ሃያ ከሆኑ መደርደሪያ ይሆናል።

የገዳማቱን ጥንታዊ ብራና ግን ለዚህ ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ጠባቂና ሥርዓት ያለው ቅዱስ ንብረት ነው። የታተመ ፎቶግራፍ ወይም ቅጂ ለተማሪ በቂ ነው።

ብርሃኑን ፈትኑ

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። አንድ ዓመት በውኃ ቀለም የተሠሩ የተማሪ ሥራዎችን ወደ ሐይቁ በሚያየው መስኮት ሥር ደረደርኳቸው፤ ማለዳ ላይ ከውኃው የሚመለሰው ብርሃን በጣም ያምር ነበር። ሥራዎቹን ሳነሣ በክፈፉ ተሸፍኖ የቆየው ጠርዝ ደማቅ ሮዝ፣ መሐሉ ግን የታጠበ ጨርቅ መስሎ አገኘሁት። ብርሃን የወሰደውን ቀለም አይመልስም። ሥራዎቹን ለሠሩት ተማሪዎች ይህን መንገር ከባድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀላል ፈተና አደርጋለሁ። ርካሽ ባለ ቀለም ወረቀት ወስዳችሁ ግማሹን በወፍራም ካርቶን ሸፍኑና ማሳያው በሚቆምበት ቦታ ለሁለት ሳምንት ተዉት። ካርቶኑን ስታነሡ መስመር ከታየ ቦታው ለወረቀት አይሆንም። የሙዚየም ባለሙያዎች ለውኃ ቀለምና ለብራና የሚመክሩት ብርሃን 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ በስልክ ላይ የሚጫን የብርሃን መለኪያ ግምቱን ያሳያችኋል። የተከፈተ ገጽንም በየሳምንቱ ግለጡ። ገጹ ያርፋል፣ ተማሪውም አዲስ ነገር ለማየት ይመለሳል።

ከክረምት በኋላ ግድግዳ እርጥበት ይዞ ይቆያል። ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቁት። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይነሣልና።

መጽሐፉን አስቀምጡ

ተዘርግቶ እንዲተኛ የተገደደ መጽሐፍ ጀርባው ይሰበራል። ካርቶን ቆርጣችሁ ሁለት የሦስት ማዕዘን መደገፊያዎች አጥፉ፣ በነጭ አቡጀዴ ሸፍኗቸው፣ በመካከላቸውም ለመጽሐፉ ጀርባ የሚሆን ክፍተት ተዉ። ከዚያ መጽሐፉን በእጃችሁ ክፈቱት። ገጹ መቃወም ሲጀምር ይሰማችኋል፤ እዚያው አቁሙ። ለአብዛኛው መጽሐፍ ይህ ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ነው። መደገፊያውን ለዚያ መጽሐፍ ሥሩት እንጂ መጽሐፉን ለመደገፊያው አታጥፉት። ማጣበቂያ፣ ስፒል፣ ላስቲክ አይግባ።

አደይም ሆነ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ለማሳያው ውበት ይጨምራል፤ ሁለቱም ግን ደርቀው ይግቡ። አበባውን በአሮጌ ጋዜጣ መሐል ከባድ ነገር ጭናችሁ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት አቆዩት። ደንገሉ ፀሐይ ላይ ውሎ ይራገፍ፤ በግንዱ ውስጥ የተደበቀ ነፍሳት ወደ ወረቀት ይሻገራል። ውኃ የያዘ የአበባ ማስቀመጫ መጽሐፍ ካለበት ጠረጴዛ ላይ ፈጽሞ አይቀመጥ።

ጥቂት ቃል ጻፉ

መግለጫው ከ50 ቃላት አይብለጥ፣ ፊደሉም አንድ እርምጃ ርቆ ለቆመ ሰው ይነበብ። የአሳታሚውን ስምና የገጹን ብዛት የቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ይናገራል። መግለጫው ዓይንን ይምራ። ለምሳሌ፦ “ከመልአኩ ክንፍ በስተ ጀርባ ያለውን ቢጫ ተመልከቱ። የት ላይ ቀይ እንደሚሆን ማግኘት ትችላላችሁ? ሠዓሊው ያን ሽግግር እንዴት እንደሠራ በገጽ 41 ይገኛል።” ይህን ያነበበ ተማሪ መጽሐፉን ማንሣቱ አይቀርም።

ባለሙያ ጋብዙ

ከሁሉም መሰናዶ በጣም የምወደው ይህ ነው። በብራና ላይ በእጁ የሚጽፍ አንድ ቁም ጸሐፊ ጋብዙ፤ ለድካሙም ክፍያ ያዙ፣ ምርቃት ብቻውን አይበቃም። ሰዓቱን ከቀኑ 9 እስከ 11 አድርጉት፤ መብራት ቢጠፋም የመስኮቱ ብርሃን ያደርሳል። በዝግጅቱ ላይ ንግግር አይብዛ። ተማሪዎች ጠረጴዛውን ከበው፣ ፍየል ቆዳ ተወጥሮና ተፍቆ ብራና ሲሆን ምን እንደሚመስል በእጃቸው ይዳስሱ፤ በወስፌ ተበስቶ እንዴት እንደሚሰመር፣ የመቃው ብዕር እንዴት እንደሚቀረጽ ይዩ።

አምና አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ “መሪጌታ፣ ቢሳሳቱ ምን ያደርጋሉ?” ብላ ጠየቀች። መሪጌታም ምላጩን አንሥተው፣ “ልጄ፣ እፍቀዋለሁ። ብራና ይቅር ይላል” አሉና አንዱን ፊደል ፍቀው፣ ቦታውን በጥፍራቸው አለስልሰው እንደገና ጻፉበት። ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚያው ምሽት ስለ ብራና አሠራር የነበሩን ሦስቱም መጻሕፍት ወጡ።

ታንኳ የሚሠሩ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ባለሙያዎችንም መጋበዝ ይቻላል። ይበልጥ የሚሻለው ግን ተማሪዎቹን ማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር ይዞ ወርዶ በሥራ ቦታቸው፣ አስፈቅዶ መሣል ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወረቀቱን አያስቀምጥም።

መጽሐፉ ይውጣ

“ለዕይታ ብቻ” የሚል ጽሑፍ አትለጥፉ። ከብርቅዬዎቹ በስተቀር ሁሉም ይዋስ። አንድ መጽሐፍ ሲወሰድ በቦታው ትንሽ ካርድ ይቀመጥ፤ በካርዱ ላይ ተዋሹ የመጽሐፉን ሽፋን በእርሳስ ይንደፍና የሚመልስበትን ቀን ይጻፍ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳያው ከመጻሕፍት ወደ ንድፎች ይለወጣል፤ ንድፎቹም ራሳቸው ሌላ ተመልካች ይጠራሉ።

ታኅሣሥ 25 ሲደርስ እያንዳንዱን መጽሐፍ በለስላሳ ብሩሽ ጠርጉ፣ ስፌቱንና ጥጋጥጉን ለነፍሳት ፈትሹ፣ መደገፊያዎቹን በላያቸው የመጽሐፉን ቁጥር ጽፋችሁ በአንድ ካርቶን አስቀምጡ። የንድፍ ካርዶቹን በፖስታ አሽጋችሁ ከውሰት መዝገቡ ጋር አኑሯቸው፤ ነሐሴ ላይ ስትቀመጡ የትኞቹ መጻሕፍት ሁለተኛ ቅጂ እንደሚያስፈልጋቸው የምታዩት ከእነሱ ነው።