የ1968ቱ ቦኔቪል ፊውዝ ለምን ተቃጠለ?

አዲሱን ባትሪ እንዳሰርኩ ፊውዙ ተቃጠለ። ቀየርኩት፤ ሁለተኛውም ተቃጠለ። ሞተር ብስክሌቱ በ1968 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሜሪደን የተሠራ ባለ 650 ሲሲ ትራየምፍ ቦኔቪል ነው። የመብራቱንና የጡሩምባውን ሽቦ አንድ በአንድ ነቅዬ ፈተሽኩ፤ ሁሉም ደህና ነው።

ጥፋቱ የእጄ ልማድ ነበር። በዛሬ መኪኖች እንደምናደርገው ኔጋቲቩን ከሻንሲው ጋር አስሬዋለሁ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ግን ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ቮልቴጁን የሚገድበው ዜነር ዳዮድ፣ ባትሪው ሲገለበጥበት ኤሌክትሪኩን ያለ ገደብ ያሳልፋል። ፊውዙ ባይቀድም ኖሮ ሽቦው ይነድ ነበር።

ፖዘቲቩን በቀዩ ሽቦ ከሻንሲው ጋር አሰርኩ (በእነዚህ ሞተሮች ላይ ቀዩ የሻንሲ ሽቦ ነው፤ ልብ በሉ)። ቀጥሎ ሬክቲፋየሩ (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ለባትሪው ወደ ቀጥተኛ የሚቀይረው ክፍል) እንዳልተጎዳ ለማረጋገጥ ሞተሩን ማስነሣት ነበረብኝ። ለማስነሣት ቤንዚን የሚሞሉትን የሁለቱን ካርቡሬተሮች ጉጦች ቤንዚን ጣቴን እስኪያረጥበው ተጫንኩ፤ ይህን ሽታ እንዴት እንደምወደው! በሁለተኛው ርግጫ ተነሣ። የሞተሩን ፍጥነት ከፍ ሳደርግ መልቲሜትሩ 14 ቮልት ገደማ አሳየኝ፤ ባትሪው እየተሞላ ነው፣ ሬክቲፋየሩም ደህና ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መሣሪያዎቼን ሳልሰበስብ ቆሜ ያንን ወፍራም ድምፅ አዳመጥኩ።