ፐንት በመታን ቁጥር ሪተርነሩ ለምን ይሮጥብናል? የፐንት ከቨሬጅን ደረጃ በደረጃ ማስተካከል

ኦንላይን የአሜሪካ ፉትቦል ማኔጀር ጌም የምትጫወቱ ሰዎች ይሄ ነገር ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ዲፌንሳችሁ ጥሩ ነው፣ ኦፌንሱም ደህና ነው፣ ግን ፐንት በመታችሁ ቁጥር የተጋጣሚ ሪተርነር፣ ማለትም የተመታችውን ኳስ የሚቀበለው ልጅ፣ ኳሷን ይዞ 20 ያርድ 30 ያርድ ይሮጣል፣ አንዳንዴማ ጭራሽ ታችዳውን ያስቆጥርባችኋል። እኔ አንድ ሙሉ ሲዝን በዚህ ተሰቃይቻለሁ። ታክል (ኳስ የያዘውን ይዞ መጣል) የሚችል ተጫዋች አጥቼ ነው ብዬ ታክሉ ከፍ ያለ ልጅ ባየሁ ቁጥር እየገዛሁ ከረምኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ቁጭ ብዬ ሪፕሌዮቹን አንድ በአንድ ሳይ ነው ችግሩ ከታክል በፊት ያለ መሆኑ የገባኝ፣ ኳሷ ከልጆቼ በጣም ቀድማ ነበር የምትደርሰው።

ለጌሙ አዲስ ለሆነ ሰው ባጭሩ፣ ፐንት ማለት አራተኛ ዳውን ላይ፣ ማለትም በመጨረሻው ሙከራ፣ የቀረውን ያርድ እንደማትሞሉ ስታውቁ ኳሷን በእግር አርቃችሁ መትታችሁ ለተጋጣሚ የምታስረክቡበት ነው። ከቨሬጅ የሚባለው ደግሞ ከዛ በኋላ ሮጦ ሄዶ ተቀባዩን እዛው ማስቀረት ነው።

መጀመሪያ ኔት አስሉ። ፐንተራችሁ በአማካይ ስንት ያርድ እንደሚመታ ብቻ ማየት ያታልላል። ኔት ማለት ከተመታው ርቀት ላይ የተመለሰው ያርድ ተቀንሶ፣ ለእያንዳንዱ ተችባክ (ኳሷ የተጋጣሚ ኤንድ ዞን፣ የሜዳው መጨረሻ ክልል፣ ስትገባ) ደግሞ 20 ያርድ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ለምሳሌ 5 ፐንት እያንዳንዱ 46 ያርድ ከሆነ 230 ይመጣል፣ ሪተርነሩ በድምሩ 35 ከመለሰና አንዱ ተችባክ ከሆነ 55 ይቀነሳል፣ 175 ለ5 ሲካፈል 35 ነው። እንግዲህ 46 የሚመታ ፐንተር አለኝ ብላችሁ ስትኮሩ እውነተኛው ቁጥራችሁ 35 ነበር ማለት ነው። የ4 ወይም የ5 ጨዋታ ኔት ጻፉና አስቀምጡት፣ በኋላ የምታወዳድሩት ከሱ ጋር ነው።

ሁለተኛ፣ ብዙ ያርድ የተመለሰባችሁን ፐንቶች ሪፕሌይ ክፈቱና ኳሷ ሪተርነሩ እጅ የገባችበት ሰከንድ ላይ አቁሙት። እዛች ቅጽበት ላይ የናንተ የመጀመሪያ ሰው ስንት ያርድ ይርቃል? 15 ወይም 20 ያርድ ከራቀ ችግሩ የምቱ ወይም የፍጥነት ነው። አጠገቡ ደርሶ ካመለጠው የታክል ነው። ደርሰው ግን ሁሉም መሀል ላይ ተጠቅጥቀው ሪተርነሩ በዳር ከወጣ ደግሞ የአሰላለፍ ነው። ሶስቱን ሳትለዩ ብር ማውጣት አትጀምሩ፣ እኔ የከሰርኩት እዚህ ጋ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሀንግ ታይም፣ ማለትም ኳሷ አየር ላይ የምትቆይበት ጊዜ። ቀላል ሂሳብ ነው። ኳሷ ወደ ኋላ ከሚወረውራት ስናፐር እጅ ወጥታ ፐንተሩ እስኪመታት ድረስ 2 ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። በኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ) ህግ ኳሷ ሳትመታ ጨዋታው የተጀመረበትን መስመር አልፈው መሮጥ የሚችሉት ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ጋነር የሚባሉት፣ ሌሎቹ እስክትመታ መጠበቅ አለባቸው። እና 45 ያርድ የሄደች ኳስ 4.5 ሰከንድ አየር ላይ ከቆየች ጋነሩ 6.5 ሰከንድ አለው ማለት ነው፣ ተከላካይ ቢገፋውም ይደርሳል፣ ሪተርነሩም እጁን አውለብልቦ ፌር ካች (ሳይነካ ይዞ እዛው መቅረት) ከመጥራት ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም። አሁን ደግሞ 55 ያርድ ሄዳ 4 ሰከንድ ብቻ የቆየችውን አስቡ፣ ጋነሩ በ6 ሰከንድ 55 ያርድ መሮጥ አለበት፣ ሌሎቹ ደግሞ በ4 ሰከንድ ውስጥ 30 ምናምን ያርድ ቢሄዱ ነው፣ ሪተርነሩ ከፊቱ 20 ያርድ ባዶ ሜዳ ተሰጠው ማለት አይደል? 20 ከመለሰ ኔቱ 35 ነው፣ 45 ተመትታ ፌር ካች የሆነችው ኳስ በ10 ያርድ ትበልጣለች። ለዚህ ነው ፐንተር ላይ ፓወር ብቻ ማሳደግ ከቨሬጁን የሚያበላሸው። ጌማችሁ ሀንግ ታይምን ለብቻው ካስቀመጠው ከፓወር እኩል አሳድጉት፣ ካላስቀመጠው ደግሞ ሪፕሌዩ ላይ ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ፣ ከ4 ሰከንድ በታች ከሆነ ሌላ ፐንተር ሞክሩ፣ በአማካይ 3 ያርድ አሳጥሮ የሚመታ ቢሆን እንኳን።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ቼክ አድርጉ፣ ጌማችሁ የኤንኤፍኤልን ህግ ነው ወይስ የኮሌጅን የሚከተለው? በኮሌጅ ሁሉም ኳሷ እንደተነሳች መሮጥ ይችላሉ። ሪፕሌዩን ፐንተሩ ሲመታ አቁሙት፣ መሀል ያሉት ልጆች መስመሩን አልፈው ከሄዱ የኮሌጁ ነው፣ ያኔ ከጋነሮች ውጪ ያሉትም ፈጣን ቢሆኑ ትጠቀማላችሁ።

ቀጥሎ ጋነሮች። ዴፕዝ ቻርቱን (የተሰላፊዎች ዝርዝሩን) አውቶ ላይ ከተዋችሁት ምናልባት ሶስተኛና አራተኛ ኮርነርባክ (ዳር ላይ የሚከላከል) ያስገባላችሁ ይሆናል፣ መጥፎ አይደለም ግን ሪሲቨሮቻችሁንም (ፓስ ተቀባዮቹን) እዩ። በዚህ ስራ ከታወቁት ውስጥ የቡፋሎ ቢልስ ስቲቭ ታስከር 7 ጊዜ፣ የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ማቲው ስሌተር ደግሞ 10 ጊዜ ለፕሮ ቦውል (ለሊጉ የኮከቦች ጨዋታ) ተመርጠዋል፣ ሁለቱም በወረቀት ላይ ዋይድ ሪሲቨር ነበሩ። ለጋነር እኔ የማየው መጀመሪያ ስፒድ፣ ከዛ አጂሊቲ፣ ከዛ ታክል ነው፣ ተጋጣሚ አንድ ጋነር ላይ ሁለት ሰው የሚያቆም ከሆነ ደግሞ ትንሽ ስትሬንግዝ። ስታርተር ኮርነራችሁን ግን ተዉት፣ ደክሞ ዲፌንስ ላይ ሲቃጠል ፐንት ላይ ካገኛችሁት በላይ ታጣላችሁ። ስታሚናው የሞላ ከቤንች የሚነሳ ልጅ ይሻላል።

መሀል ላይ ላሉት ደግሞ ተጠባባቂ ላይንባከርና ሴፍቲ (ከመሀልና ከኋላ የሚከላከሉትን) አስገቡ፣ ኦፌንስ ላይነር (ፊት ላይ ብሎክ የሚያደርጉትን ግዙፎች) አትሰብስቡ። ብሎክ ያደርጋሉ ብሎ የሚሟገት አለ፣ ግን ምታችሁ በተደጋጋሚ ካልታገደ ያን ያህል ብሎክ አያስፈልጋችሁም፣ የሚሮጥ ሰው ነው የጎደላችሁ። የመስመር ወይም የሌን ሴቲንግ ካለ እያንዳንዱ የራሱን መስመር እንዲጠብቅ አድርጉ፣ ሁሉም ወደ ኳሷ ሲሮጥ ዳሩ ይከፈታል፣ ትልልቅ ሪተርኖች ደግሞ በአብዛኛው በዳር ነው የሚወጡት። ሎንግ ስናፐሩን አትርሱ፣ ስናፑ ከተበላሸ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ሪተርነሩ አደገኛ ከሆነስ? ወደ ውጪ ምቱ፣ 10 ያርድ ብትከስሩም። በታህሳስ 2010 እ.ኤ.አ. ጃይንትስ ከኢግልስ ሲጫወቱ 31 ለ31 እያሉ በመጨረሻው ፕሌይ የጃይንትስ ፐንተር ወደ ውጪ ምታ ተብሎ እያለ ኳሷን ቀጥታ ለኢግልሱ ሪተርነር ዴሾን ጃክሰን ሰጠው፣ ጃክሰን መጀመሪያ አምልጣው እንደገና አንስቶ 65 ያርድ ሮጦ ጨረሰው፣ 38 ለ31። ጌማችሁ አቅጣጫ መምረጥ የሚያስችል ከሆነ ከጨዋታው በፊት የተጋጣሚን የሪተርን አማካይ እዩና ወስኑ።

ከተጋጣሚ 40 ያርድ አካባቢ ላይ ስትሆኑ ግን ሀሳቡ ይገለበጣል፣ እዛ ጋ ፓወር ጠላት ነው፣ ኳሷ ኤንድ ዞን ከገባች ተችባክ ሆና 20 ላይ ትቀመጣለች፣ እናንተም ያተረፋችሁት 20 ያርድ ብቻ ነው። ለዚህ ቦታ አኪውሬሲ ነው የሚሰራው። የተጋጣሚን 35 አልፋችሁ ከገባችሁ ደግሞ ፐንት ባይመታ እመርጣለሁ፣ ፊልድ ጎል ወይም አራተኛውን ዳውን መሞከር ይሻላል፣ የፐንት ሴቲንጉን ከዛ አልፎ እንዳይሰራ ዝጉት።

ለውጡን ሁሉ ባንዴ አታድርጉት። መጀመሪያ ፐንተሩን ብቻ ቀይራችሁ 3 ወይም 4 ጨዋታ እዩ፣ ካለ ስክሪሜጅ (የልምምድ ጨዋታ) ተጠቀሙ፣ ከዛ ጋነሮቹን፣ ከዛ መሀሉን። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ስሄድ ፐንተሩን እንደቀየርኩ ነው ልዩነቱን ያየሁት፣ ያ ሁሉ ታክል ያለው ልጅ የገዛሁትም ያኔ ነው ስራ የጀመረው፣ ምክንያቱም አሁን ሪተርነሩ ኳሷን ሲይዝ እነሱም አጠገቡ ናቸው።