የማቴሪያል ስም ስናወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

የአንድ መኖሪያ ቤት ዲዛይን ጨርሰን የልስኑን ብዛት ከኮምፒውተር ሞዴሉ አወጣን። ሰንጠረዡ ላይ አራት መስመር መጣ፦ «ልስን» 412 ካሬ ሜትር፣ «የሲሚንቶ ልስን» 186፣ «ልስን 20 ሚሜ» 97፣ «ልስን(1)» 23። አራቱም አንድ ዓይነት ልስን ናቸው። ግምቱን የሚሠራው ባልደረባችን «ልስን» የሚለውን መስመር አየና 412 ብሎ መዘገበ። 306 ካሬ ሜትር ከሂሳቡ ቀረ።

እሱን መውቀስ አይቻልም። ሞዴሉን የሠራነው ሦስት ሆነን ነው። ሦስታችንም ስም ያወጣነው ደስ እንዳለን ነበር። ያን ማታ ግድግዳ በግድግዳ ስናስተካክል አመሸን። ከዚያ ወዲህ በየፋይሉ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

አንዱን ነገር በብዙ ስም መጥራት

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። ሰው «ልስን» እና «የሲሚንቶ ልስን» ሲያይ ምን ለማለት እንደተፈለገ ይገባዋል። ሬቪት ወይም አርኪካድ የሚባሉት የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌሮች ግን የሚያዩት ፊደሉን ብቻ ነው። አንድ ፊደል ከተለየ ሌላ ማቴሪያል ነው። በሰንጠረዡ ላይ የራሱን መስመር ይይዛል።

በአማርኛ ለምንሰይም ሰዎች ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። አንዱ «እብነ በረድ» ይላል፣ ሌላው «ዕብነ በረድ» ይላል፣ ሦስተኛው «እምነበረድ» ብሎ ገጥሞ ይጽፈዋል። ስናነበው ልዩነቱ አይሰማንም። ሰንጠረዡ ላይ ግን ሦስት ዓይነት ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ያሉበት ቃል ሁሉ ለዚህ የተጋለጠ ነው። በእንግሊዝኛ መሰየምም አያድንም። ግራጫ እና አሉሚኒየም የሚባሉት ቃላት በእንግሊዝና በአሜሪካ አጻጻፍ በአንድ ፊደል ይለያያሉ።

ስህተቱን ቶሎ የሚያጋልጥ ምልክት አለ። ሴክሽን (ሕንፃው ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ሥዕል) ቁረጡና የኮንክሪቱ ግድግዳ ከሶሌታው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ቀርባችሁ እዩ። ሁለቱ አንድ ማቴሪያል ከሆኑና በትክክል ከተጋጠሙ ኮንክሪቱ አንድ ወጥ ሆኖ ይታያል። መሃላቸው ላይ ቀጭን መስመር ካለች አንዱ «ኮንክሪት»፣ ሌላው «አርማታ» ተብሎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው መስመሯን በላይዋ ላይ ሸፍኖ ያልፋታል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። መስመሯ ስለ ስሙ እየነገረቻችሁ ነው።

አርኪካድ ላይ ጉዳቱ ከመስመርም ያልፋል። ሶፍትዌሩ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 17ኛ እትሙ የግንባታ ማቴሪያልን ራሱን የቻለ ነገር አድርጎታል። እያንዳንዱ ማቴሪያል ሲገናኝ ማን ማንን እንደሚቆርጥ የሚወስን የቅድሚያ ደረጃ አለው። አንዱ ኮንክሪት ሁለት ስምና ሁለት ደረጃ ከያዘ አንዱ ሌላውን እየቆረጠ ይገባል። ቅርጹም ብዛቱም ይዛባል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሥራው ሳይጀመር አንድ የስም ዝርዝር ይዘጋጅ። ዝርዝሩን የሚጠብቅ አንድ ሰው ይኑር። አዲስ ስም የፈለገ ሁሉ እሱን ይጠይቅ።

ቅጽሉን ማስቀደም

አማርኛ ቅጽሉን ያስቀድማል። «ቀይ ጡብ»፣ «ነጭ ጡብ»፣ «ውሃ የማያስገባ ልስን» እንላለን። ለንግግር ልክ ነው። ዝርዝር በፊደል ተራ ሲደረደር ግን አንዱ ጡብ ቀ ላይ፣ ሌላው ነ ላይ ይበታተናል። በ«የ» የሚጀምሩት ደግሞ ምንም ሳይዛመዱ አንድ ላይ ይከማቻሉ። አዲስ የመጣ ሰው ጡብ ፈልጎ ጠ ላይ ያያል፣ ያጣል፣ የራሱን ይፈጥራል። ድግግሞሹ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ዋናው ስም ይቅደም፦ «ጡብ - ቀይ»፣ «ጡብ - ነጭ»፣ «ኮንክሪት - በቦታው የሚሞላ - ሲ25/30»። የኮንክሪቱን ሁለት ቁጥር አታሳጥሩት። በአውሮፓው ኮድ አንዱ ኮንክሪት በሲሊንደር ናሙና 25፣ በኪዩብ ናሙና 30 ሜጋፓስካል ጥንካሬ አለው ማለት ነው። «ሲ25» ብላችሁ ብታቆሙ አንባቢው የትኛው ናሙና እንደሆነ ይገምታል። በኮንክሪት ጥንካሬ ላይ መገመት ደግሞ አያስፈልግም።

ትልቅ ሥራ ላይ ከስሙ በፊት የምድብ ቁጥር ማስገባት ይጠቅማል። በሰሜን አሜሪካ የተለመደው ማስተርፎርማት የሚባል የግንባታ ሥራ መመደቢያ ለኮንክሪት 03፣ ለግንብ ሥራ 04፣ ለብረታ ብረት 05፣ ለማጠናቀቂያ ሥራ 09 ይሰጣል። ከፊት ያለችውን ዜሮ እንዳትጥሏት። ቁጥር እንደ ጽሑፍ ሲደረደር 10 ከ2 በፊት ይመጣልና። ለአንድ ትንሽ ቤት ግን ይህ ሁሉ ቁጥር ሸክም ነው ባይ ነኝ።

«(1)»ን እንዳለ መተው

ማቴሪያል ስናባዛ ሶፍትዌሩ ራሱ ቁጥር ይለጥፍበታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ «እንጨት(3)» ከ«እንጨት(2)» በምን እንደሚለይ የፈጠረው ሰው ራሱ አያስታውሰውም። ሬቪት ላይ ሌላም ጣጣ አለ። የተባዛው ማቴሪያል ብዙ ጊዜ የሬንደር መልኩን፣ ማለትም ሞዴሉ እንደ ፎቶ ሲወጣ የሚታየውን መልክ፣ ከመጀመሪያው ጋር ይጋራል። የደረጃውን እንጨት ላጥቁር ስትሉ የበሩም እንጨት አብሮ ይጠቁራል። እንዳባዛችሁ ወዲያው ስም ስጡት። መልኩንም ለብቻው አባዙለት።

በመልኩ መሰየም

«ጥቁር ግራጫ» የሚል ማቴሪያል አይቼ አውቃለሁ። ኮንክሪት ነው? ላሜራ ነው? ሴራሚክ ነው? ለሬንደር ብቻ የሚሠራ ሰው ግድ ላይሰጠው ይችላል። ግድግዳውን የሚገነባው ሰው ግን ከዚህ ስም ምንም አያገኝም።

የቀለም ቅብ ከሆነ ደግሞ የባሰ ይሆናል። ሲጀመር «ነጭ ቀለም» ተባለ። ባለቤቱ ሐሳቡን ቀየረና ክሬም ይሁን አለ። ሠሪው መልኩን ቀየረ፣ ስሙን ረሳ። አሁን ሥዕሉ ላይ የሚታየው ክሬም ነው፣ ማስታወሻው ላይ የተጻፈው ነጭ ነው። ሳይት ላይ ያለው ሰው የሚያምነው ጽሑፉን ነው። እኔ ቅብን የምሰይመው «ቀለም - የውስጥ ግድግዳ - 01» እያልኩ ነው። ክሬም መሆኑና የቀለሙ ቁጥር በመግለጫው ቦታ ይገባል። ባለቤቱ አሥር ጊዜ ቢቀይር ስሙ አይዋሽም። የጡብ ቅላት ግን ከዕቃው ጋር አብሮ የሚገዛ ስለሆነ ስሙ ውስጥ ቢገባ አይከፋኝም።

ውፍረትና የፋብሪካ ስም መጨመር

የልስን ውፍረት የሚኖረው በግድግዳው ድርብርብ ውስጥ እንጂ በማቴሪያሉ ውስጥ አይደለም። ስሙ «ልስን 20 ሚሜ» ብሎ ግድግዳው ላይ 15 ሆኖ ከገባ ማን ነው ትክክሉ? ሁለት ቦታ የተጻፈ ቁጥር አንድ ቀን መጣላቱ አይቀርም። በውፍረቱ ተለይቶ የሚሸጥ ነገር፣ ለምሳሌ 12.5 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም ቦርድ፣ ከዚህ ውጭ ነው። እሱ ውፍረቱን ቢይዝ ይሻላል፣ ዕቃው ራሱ ያ ነውና።

የፋብሪካ ስም ለብቻው የተዘጋጀ ቦታ አለው። እዚያ ይጻፍ።

ምልክትና ባዶ ቦታን መናቅ

አንዱ ሰረዝ፣ ሌላው የግርጌ ሰረዝ (_)፣ ሦስተኛው ክፍት ቦታ ከተጠቀመ ዝርዝሩ ሦስት ቤት ይሆናል። አንዱን መርጣችሁ ጽኑ። ከስሙ መጨረሻ ላይ ያመለጠች ባዶ ቦታ በዓይን አትታይም። ኤክሴል ላይ ግን ሁለቱን ስሞች አንድ አይደሉም ታሰኛለች። ሬቪት በስም ውስጥ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ፣ የማዕዘን ቅንፍና የጥያቄ ምልክት አይቀበልም። እዝባር (/) ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ አይፈቀድም። የማቴሪያሉ ስም የምስል ፋይል ስም ጭምር የሚሆን ከሆነ «ሲ25-30» ብሎ መጻፍ ይቀላል።

ከውጭ የመጣን ፋሚሊ ሳይመረምሩ ማስገባት

ፋሚሊ ሬቪት ላይ እንደ መስኮትና በር ያለ ተዘጋጅቶ የሚገባ ዕቃ ነው። አንድ መስኮት ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ስታስገቡ ብቻውን አይመጣም። መስታወቱን፣ ፍሬሙን፣ ጎማውን፣ እጀታውን በራሱ ስም እየጠራ ይዞ ይመጣል። አሥር መስኮት ከአሥር ቦታ ካመጣችሁ አሥር ዓይነት መስታወት አላችሁ ማለት ነው። የተገላቢጦሹም አለ። የመጣው ስም ሞዴሉ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ከሆነ ሬቪት የሚይዘው የእናንተን ነው። ወተት መሳይ መሆን የነበረበት የመታጠቢያ ቤት መስታወት «መስታወት» ተብሎ ስለመጣ ብቻ ወለል ብሎ የሚያሳይ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ባዶ ፋይል ላይ ከፍቼ ስሞቹን ከዝርዝራችን ጋር አስማማለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሥራው መሃል ላይ መሰረዝ

ድግግሞሹን ያየ ሰው ተናዶ ትርፉን ይሰርዛል። ሬቪት ላይ ማቴሪያል ሲሰረዝ ይጠቀምበት የነበረው ነገር ሁሉ ያለ ማቴሪያል ይቀርና የምድቡን (ለምሳሌ የግድግዳን) አጠቃላይ መልክ ይይዛል። ብዛቱም ከነበረበት መስመር ይጠፋል። አርኪካድ ሰርዞ በሌላ የመተካት ትእዛዝ አለው፤ ሬቪት ላይ ግን በየግድግዳው ዓይነት እየገቡ በእጅ ማዛወር ነው። እኛም ያን ማታ ያደረግነው ይህንን ነው። ሁሉንም ወደ «ልስን - ሲሚንቶ» አዛወርን። ሰንጠረዡን እንደገና ከፈትን። 718 በአንድ መስመር ሲመጣ ካየን በኋላ ነው የቀሩትን የሰረዝናቸው።