መጀመሪያ ጠርሙሱን አትድፉ

አባዬ ጡረታ ወጥቶ፣ እማዬንም ከቀበርን በኋላ አረቄው ከማታ ወደ ጠዋት ዞረ። «ዐይን መግለጫ» ይለዋል። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ሰበብ አያሳጣም፤ አረቄ የሚያሞቅ የሚመስለው ግን ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ነው፣ የውስጥ ሙቀት ያልቃል።

የዐቢይ ጾም መያዣ ሰኞ ጠርሙሱን ደፋሁበት። «እሺ፣ እስከ ፋሲካ አልቀምስም» አለኝ። ማክሰኞ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀው። ረቡዕ ሌሊት እማዬን ሲያናግር አገኘሁት። ጎረቤት ጠበል አለች፤ እኔ ሆስፒታል ወሰድኩት። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል። በተለይ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ፍሩ።

ፋሲካ ላይ መልሶ ጀመረ። ሁለተኛውን ሙከራ በዘዴ ያዝነው።

አትከራከሩ፣ ቁጠሩ። «ሁለት መለኪያ ብቻ» ሲለኝ የእሱን መለኪያ ውሃ ሞልቼ በሳል ሽሮፕ መስፈሪያ ለካሁት፤ የእሱ አንድ የአረቄ ቤቱን ሁለት ሊሆን ምንም አልቀረው። ሳምንት ሙሉ ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጻፍኩ።

የሚወስዳቸውን ኪኒኖች በሙሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። የእንቅልፍ ኪኒን ከአረቄ ጋር ትንፋሽ ያዳክማል። አንዳንድ የስኳር ኪኒን ደግሞ በባዶ ሆድ ከተጠጣበት ስኳሩን ቁልቁል ይጥለዋል፤ ያ ሰው የሰከረ ይመስላል፣ ተኝቶ ይውጣለት ብላችሁ እንዳትተዉት። «ድሮም የምጠጣው ይህንኑ ነው» ይላል አባዬ፣ እውነቱን ነው። በእርጅና ግን የሰውነት ውሃ ስለሚቀንስ ያው መለኪያ ይበረታል። መውደቁን፣ መርሳቱንም «ዕድሜ ነው» ብለን አልፈነው ነበር።

«ሰካራም» የሚለውን ቃል ከቤት አውጡ። እኔ «ግፊትህን እንታይ» ብዬ ነው የወሰድኩት። ሐኪሙ «አባባ፣ ጠዋት ሲነሱ እጅዎ ይንቀጠቀጣል?» ቢለው፣ ከእኔ የደበቀውን ሁሉ ዘረገፈው። ቫይታሚን ቢ1 እና ቀስ በቀስ የሚቀነስ መድኃኒት ታዘዘለት። ይህን ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ።

ከባዱ 11 ሰዓት ነው። አረቄ ቤቱ ለእሱ ጨዋታም ነበር። ለአንድ የእድር ጓደኛው ነገርኩት፤ አሁን በዚያ ሰዓት መጥቶ ይዞት ይወጣል፣ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። አንዳንድ ቅዳሜ ያመልጠናል። ያን ቀን ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ እንጂ ጠርሙስ አልደፋም።