ሬቲናው የተላቀቀ ሕጻን፦ ምልክት፣ መንስኤና የቀዶ ሕክምና መፍትሄ

ነጭ ብሌን፦ ሬቲኖብላስቶማ (የሕጻናት የዓይን ካንሰር) አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ምንም ዓይነት መሣሪያ ዓይኑ ውስጥ አይገባም፤ ዕጢ ያለበትን ዓይን መብሳት ካንሰሩን ወደ ውጭ መልቀቅ ነው።

ያለጊዜው የተወለደ ጨቅላ፦ ፓርስ ፕላና (መሣሪያ የሚገባበት ከሬቲና ፊት ያለ የዓይን ግድግዳ ክፍል) ገና ስላልዳበረ በአዋቂ ልክ፣ ከዓይኑ ጥቁር ክፍል ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ፣ የገባ መሣሪያ ሬቲናውን (ብርሃን ተቀባዩን የዓይን የውስጥ ሽፋን) ይበሳል።

ዓይኑ የተንሸዋረረ፣ ሬቲናው ከታች በጆሮ ግንድ በኩል የተላቀቀ ልጅ፦ ደጋግሞ የሚመጣብን ይህ ነው። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ምት ሲሆን፣ በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ወይም በዱላ የተመታው ልጅ ቁጣን ፈርቶ ዝም ይላል፤ ሌላው ዓይኑ ስለሚያይለትም ጉድለቱን ራሱ ላያውቀው ይችላል። ሬቲናው የተገነጠለው ከጠርዙ፣ ከኦራ ሴራታ ላይ ነው። መፍትሄው ከውጭ ነው፤ ግንጥሉ በክራዮ (በማቀዝቀዝ) ይታከምና የሲሊኮን በክል (ደጋፊ ቁራጭ) ስክሌራው፣ ማለትም ነጩ የዓይን ግድግዳ፣ ላይ ተሰፍቶ የዓይኑን ግድግዳ ወደ ውስጥ ይገፋል። ቪትረሱ (የዓይኑን ውስጥ የሚሞላው ዝልግልግ ነገር) አይነካም።

ማሽኑ ስላለ ብቻ ለእንዲህ ያለ ልጅ ቪትረክቶሚ (ቪትረሱን ቆርጦ ማውጣት) መሥራት ሊቆም ይገባል። በልጅነት ቪትረስ ከሬቲና ጋር እንደ ሙጫ የተጣበቀ በመሆኑ አዋቂ ላይ በመምጠጥ የሚነሣው የቪትረሱ የኋላ ሽፋን እዚህ አይነሣም፤ በጉልበት ቢጎተት አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ቢተው ደግሞ ጠባሳ ሆኖ ይኮማተራል። ጅራፍ መትቶት፣ ሌላ ቦታ ቪትረክቶሚ ተሠርቶለት በዘይት (ሬቲናውን ደግፎ በሚይዝ የሲሊኮን ዘይት) የተሞላ ዓይን ይዞ የመጣ ልጅ ነበር። ዘይቱን አውጥተን ትራያምሲኖሎን (የቀረ ቪትረስን አንጽቶ የሚያሳይ መድኃኒት) ስንረጭ ነጩ ዱቄት ከኦፕቲክ ነርቩ እስከ ዳር ባልተነሣው ሽፋን ላይ ተነጠፈ፤ ከሥሩ ሬቲናው በኮከብ ቅርጽ ተጨማድዷል፣ የመጀመሪያው ግንጥልም ያለ ድጋፍ ክፍቱን ነበር። ሽፋኑን ከነርቩ ጀምረን በፎርሴፕስ እየላጥን አንሥተን፣ ቀድሞ ሊደረግ ይገባው የነበረውን በክል ሰፍተን፣ እንደገና ዘይት ሞላን። ሬቲናው ወደ ቦታው ተመልሶ ተኛ፤ እይታው ግን የእጅ እንቅስቃሴን ከመለየት አላለፈም።

ዘይት ወይስ ጋዝ፦ ጋዝ እንደሚጠይቀው በግንባሩ ተደፍቶ የማይቆይ ልጅ ዘይት ያስፈልገዋል፤ የማውጫው ቀጠሮም ለወላጅ በጽሑፍ ይሰጥ፣ የተረሳ ዘይት ግላኮማ (ነርቩን የሚጎዳ የዓይን ግፊት) ያመጣልና። ጋዝ የተሞላ ዓይን ያለው ልጅ፣ ጋዙ ስለሚሰፋ፣ በአውሮፕላን አይሄድም፣ ናይትረስ ኦክሳይድ (የማደንዘዣ ጋዝ) አይሰጠውም፤ ወደ ደሴ የሚመለስ ከሆነም በመንገዱ ላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጋዙ እስኪጠፋ አዲስ አበባ ይቆይ።

ሬቲናው ተኝቶ ልጁ የማያይ ከሆነ፦ ማኩላው (የሬቲናው መሃል፣ አጥርቶ የሚያየው ክፍል) ካልተጎዳ አምብሊዮፒያ (ባለመጠቀም የሰነፈ ዓይን) ይጠርጠር። በክል ዓይኑን ቅርብ ብቻ አጥርቶ የሚያይ ስለሚያደርገው መነጽር ይታዘዝ፣ ጤነኛው ዓይንም በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈን።