ጋላክሲው በቦታው አለ፤ ለምን አይታይም?

ፒየር ሜሻን በ1780 ያገኘው ሜሲዬ 74 የተባለ ጋላክሲ የሚገኘው በሑት ኅብረ ከዋክብት ነው፤ ኤታ ፒሲየም ከተባለችው ኮከብ በስተምሥራቅ 1.3 ዲግሪ ያህል ርቆ። ቻርል ሜሲዬ ባሰባሰበው የደብዛዛ የሰማይ አካላት ዝርዝር ውስጥ ፈላጊን አብዝተው ከሚያደክሙት አንዱ ነው። 200 ሚሊ ሜትር መስታወት ባለው ቴሌስኮፕ ፈልጋችሁ ካጣችሁት ተስፋ አትቁረጡ።

ችግር፦ ድምቀቷ 11 የሆነ ኮከብ ትታያለች፤ ድምቀቱ 9.4 የተባለው ጋላክሲ ግን የለም።
በዚህ መለኪያ ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ ይበልጣል፤ 9.4 ግን የጋላክሲውን ብርሃን በሙሉ ደምሮ የሚገልጽ ነው። ያ ብርሃን ግን ወርዱ የሙሉ ጨረቃን ወርድ ሲሶ በሚያክል ቦታ ላይ ተበትኗል፤ ስለዚህ የከተማ መብራት በቀላሉ ይውጠዋል። ለትልቅ ቴሌስኮፕ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከአዲስ አበባ ራቅ ብላችሁ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ሞክሩ። ትልቅ መስታወት የሰማዩንም ጸዳል አብሮ ይሰበስባል።

ችግር፦ ሰማዩ ጨልሟል፤ አሁንም ምንም የለም።
እዚህ ላይ ዓይናችሁን ጠርጥሩ። ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ስልክ አንድ ጊዜ ካበራችሁ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ካርታ ለማንበብ ደብዛዛ ቀይ መብራት ተጠቀሙ። ቀጥሎ፣ አታፍጥጡ! በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት ሕዋሳት በሬቲና (ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) መካከል የሉም። በቀኝ ዓይን የምታዩ ከሆነ ከጋላክሲው ትንሽ ወደ ቀኝ ተመልከቱ፤ ወደ ግራ ካያችሁ ምስሉ ዕውሩ ነጥብ ላይ፣ ማለትም ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ላይ፣ ሊያርፍ ይችላል። በግራ ዓይን ተቃራኒው ነው። ቱቦውን በጣት ቀስ አድርጋችሁ ንኩት፤ ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገር ቶሎ ይይዛል። መጀመሪያ የሚመጣው ትንፋሽ ያረፈበት መስታወት የመሰለ ክብ ብዥታ ነው። ፎቶግራፍ ላይ ያያችሁትን ጠመዝማዛ ክንድ አትጠብቁ።

ችግር፦ የዕይታው መደብ ግራጫ ነው።
የትኩረት ርቀቱ 1200 ሚሊ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ 25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ 48 ጊዜ ያጎላል። ወደ 12 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ወደ 100 ጊዜ ቀይሩ። ሰማዩም ጋላክሲውም እኩል ይደበዝዛሉ፤ ነገር ግን ጋላክሲው ሲተልቅ ለዓይን ይቀላል። የጋዝ ደመናዎችን ብርሃን ብቻ ለይቶ የሚያሳልፈው የኔቡላ ማጣሪያ አይረዳም፤ የጋላክሲ ብርሃን በአብዛኛው የከዋክብት ብርሃን ነው።

ችግር፦ ዶብሶኒያኑ (ወደ ጎንና ወደ ላይ የሚዞረው ቀላል የቴሌስኮፕ መቆሚያ) አልዞር ይላል።
በኅዳር መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ጋላክሲው በአዲስ አበባ አካባቢ ሰማይ ላይ ከአናት 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ይርቃል። ይህ መቆሚያ ደግሞ ልክ አናት ላይ ለማነጣጠር ያስቸግራል። አንድ ሰዓት ቆዩ፤ ወደ ምዕራብ ሲያዘነብል ቱቦው ይታዘዛል፣ ሰማዩም ገና ጥሩ ነው።