ኳስ የሚችል ልጅ አላችሁ? በድሬ የታዳጊ ቡድን እንዴት እንደሚመረጥ

ድሬ ላይ ኳስ የሚችል ልጅ ተደብቆ አይቆይም። 13 ወይም 14 ዓመት ሲሞላው ወሬው ከሳቢያን ሰፈር ገንደ ቆሬ ሰፈር ይደርሳል። ከዚያ ጥሪው ይጀምራል። አንዱ የታዳጊ ማሠልጠኛ ፕሮጀክት «እኛ ጋ ይምጣ» ይላል። ሌላው ማልያና ታኬታ ይዞ ቤት ድረስ ይመጣል። አንድ ዘመድ ደግሞ «ትልቅ ክለብ ውስጥ ሰው አለኝ፣ ታዳጊ ቡድኑ ውስጥ አስገባዋለሁ» ብሎ ይነሳል። ወላጅ ግራ ይጋባል። ልጁ ግን ወስኖ ጨርሷል፤ ስሙ የገነነውን ነው የሚፈልገው።

የእኔ ምክር ሌላ ነው። ከ13 እስከ 17 ባለው ዕድሜ፣ ልጁ በብዛት የሚጫወትበትን፣ አሰልጣኙ ማስተማር የሚያውቅበትንና ከትምህርት ቤት የማያስቀረውን ቡድን ምረጡ። የማልያው ስም ከእነዚህ በኋላ ይምጣ። ይህን እንዴት እንደምታጣሩ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ስሙን ለጊዜው ተዉት

ይህ እኛ ከተማ ላይ ቀላል አይደለም። ድሬ የኳስ ታሪክ ያላት ከተማ ናት። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳው የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የዚሁ ቡድን ተጫዋች ነበር። ጎረቤታችን ሐረርም በሐረር ቢራ አማካኝነት ፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ቆይታለች። ዛሬ ሁለቱም ቡድኖች እዚያ ሊግ ላይ የሉም። ክለብ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ በጀት ያጣል፣ ይፈርሳል። ልጁ በ14 ዓመቱ የተማረው ኳስ ግን የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ «የማን ቡድን ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ነው የሚያሰለጥነው?» በሉ።

2. ሳትናገሩ ሄዳችሁ ልምምድ እዩ

ከሁሉም ይህኛው ይበልጥብኛል። ደውላችሁ አትሂዱ። ማለዳ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ሜዳው ዳር ጥላ ፈልጋችሁ ቁሙ። ከልጆቹ መሃል አንዱን ምረጡ። ኮከቡን ተዉት፣ መካከለኛ የሚመስለውን ያዙ። ለ10 ደቂቃ ዓይናችሁን ከእሱ ላይ አታንሱ። ኳስ ስንት ጊዜ ነካ? ቁጠሩ።

ብዙ ሜዳ ላይ የምታዩት እንዲህ ነው፦ 30 ልጅ ተሰልፏል። ኳሱ ሦስት ነው። አንዱ ኮኖቹን ዞሮ እስኪመለስ ሌላው እጁን አጣምሮ ይቆማል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ያ ልጅ ኳስ የሚያገኘው ሁለቴ ቢሆን ነው። ጎበዝ አሰልጣኝ በእነዚያው ሦስት ኳሶች ሜዳውን ሦስት ቦታ ይከፍልና አምስት ለአምስት ያጫውታቸዋል። ያኔ ሁሉም ይሮጣል፣ ሁሉም ይቀበላል፣ ሁሉም ይወስናል። የዕቃ እጥረት እንዳለ አውቃለሁ። ሰልፉ ግን የኳስ እጥረት ያመጣው አይደለም፤ ያለመዘጋጀት ነው።

ቀጥሎ ጆሯችሁን ስጡ። ልጅ ኳስ ሲያባክን አሰልጣኙ ምን ይላል? «ደነዝ! ምን ሆነሃል?» የሚል አለ። «ኳሱ ሳይደርስህ በፊት ዞር ብለህ እይ» የሚልም አለ። ሁለቱም ሊጮሁ ይችላሉ፤ ሜዳ ላይ መጮህ ያለ ነው። ሁለተኛው ግን እየጮኸም እያስተማረ ነው። ልጁ ለቀጣዩ ኳስ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ከመጀመሪያው አሰልጣኝ ልጅ የሚማረው ኳስ መሸሽን ብቻ ነው።

የከሰዓት ልምምድ ከሆነ አሰልጣኙ በሰዓቱ መድረሱንም እዩ። ከበርጫ ተነስቶ፣ ጫቱን ሳይተፋ የሚመጣ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። በዚህ ላይ አልደራደርም። የ14 ዓመት ልጅ ከአባቱ ይልቅ አሰልጣኙን የሚሰማበት ዕድሜ ላይ ነው ያለው።

ማሟሟቂያውም ብዙ ይናገራል። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው ማሟሟቂያ ከ14 ዓመት ጀምሮ ላሉ ተጫዋቾች የተዘጋጀ ነው። 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ኮንና ኳስ ካለ ሌላ ዕቃ አይጠይቅም። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ በትክክል ሲሠራ ጉዳትን በሲሶና ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። አሰልጣኙ ስሙን ባያውቀው ግድ የለም። ሩጫ፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ዝላይና የጉልበት አያያዝ መኖራቸውን ግን እዩ። «ሜዳውን ሁለቴ ዙሩና ግቡ» ብቻ ከሆነ ደረቅና ጠጠራማ ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚት ማለቁ አይቀርም።

ስለ ሙቀት ደግሞ ማንም አይነግራችሁም። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይዋን ታውቋታላችሁ። በ7 ሰዓት ፀሐይ ልጅ የሚያስሮጥ አሰልጣኝ ጥንካሬ እየገነባ አይደለም። ውኃ መጠጫ ዕረፍት አለ? ውኃው በአካባቢው አለ ወይስ ልጆቹ ቧንቧ ፍለጋ ይሄዳሉ? ከሐረር ደጋ ወርዶ ለሚጀምር ልጅ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ቀለል ሊሉለት ይገባል። ሰውነት ሙቀት የሚለምደው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው።

3. «ይጫወታል ወይ?» ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁ

ብዙ ወላጅ «ይቀበሉታል ወይ?» ብሎ ብቻ ይመለሳል። መመዝገብና መጫወት ግን የተለያዩ ናቸው። አሰልጣኙን እንዲህ በሉት፦ እሱ በሚጫወትበት ቦታ ስንት ልጅ አለ? ተቀያሪ የሆኑት ጨዋታ የሚያገኙት መቼ ነው? በወር ስንት ጨዋታ አላችሁ? «አይ፣ ጎበዝ ከሆነ ይገባል» መልስ አይደለም። «በግራ መስመር ሁለት አሉኝ፣ አንዱ በዚህ ዓመት ዕድሜው ያልፋል» የሚለው ነው መልስ። ይህን የሚላችሁ ሰው ስለ ልጃችሁ አስቧል።

ግብ ጠባቂ ከሆነ ይህ ጥያቄ እጥፍ ይከብዳል። ቦታው አንድ ነው። የትልቅ ቡድን ሦስተኛ ግብ ጠባቂ ሆኖ ሁለት ዓመት ከሚቀመጥ፣ የሰፈር ቡድን ውስጥ በየሳምንቱ ቢቆም ይሻለዋል።

ከዚያ ከቡድኑ የወጡ ልጆችን ቤተሰቦች ፈልጉ። ያሉት ያሞግሳሉ፤ የወጡት ግን እንዴት እንደተሸኙ ይነግሯችኋል። የተጎዳ ልጅ ማን አየው? ወጌሻው አሸት አሸት አድርጎ በማግስቱ መለሰው፣ ወይስ ሐኪም ጋ ተወሰደ?

4. ልጁ ገና ሳያድግ ከሆነ

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ የጠፋው በዚህ ነውና። ዓለም አቀፍ የዕድሜ ውድድሮች የሚቆጥሩት በፈረንጆች ዓመት ነው። ዓመቱ የሚጀምረው ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው። ታኅሣሥ 15 የተወለደና ታኅሣሥ 25 የተወለደ ልጅ አሥር ቀን ነው የሚበላለጡት። ግን አንዱ ከዕድሜ ክልሉ ትንሹ፣ ሌላው ከቀጣዩ ክልል ትልቁ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ የአንድ ዓመት ልዩነት ብዙ ነው። አሰልጣኞች ሳያስቡት ትልቁንና ጠንካራውን ይመርጣሉ። ይህ በብዙ አገሮች በጥናት የተረጋገጠ ነገር ነው።

ልጃችሁ በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ የተወለደ ወይም ዘግይቶ የሚያድግ ከሆነ በጉልበት የሚጫወት ቡድን ውስጥ አታስገቡት። አጭሩን ልጅ አማካይ ቦታ ላይ ደፍሮ የሚያሰልፍ አሰልጣኝ ፈልጉ። ወንዶች በብዛት ሽቅብ የሚመዘዙት 14 ዓመት አካባቢ ነው። በዚያ ሰሞን ተረከዝ ወይም ከጉልበት በታች ያለው አጥንት ሊያመው ይችላል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። አጥንቱ እያደገ ነው፤ ልምምድ መቀነስ አለበት። «ቻለው፣ ወንድ ሁን» የሚል አሰልጣኝ ይህን አያውቅም ማለት ነው።

5. «ዕድሜ እንቀንስለት» ካሉ ውጡ

ይህን በዝርዝር መናገር አያስፈልገኝም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን አጥንት በኤምአርአይ ምርመራ እያየ ነው። የማደጊያው አጥንት ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ልጁ ከ17 በላይ መሆኑ ይታወቃል። የአፍሪካው ካፍም ይህንኑ ይጠቀማል። ፋይዳ መታወቂያ ላይ ደግሞ የትውልድ ቀን ከአሻራ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። የተቀነሰ ዕድሜ የሚፈርሰው ልጁ ለብሔራዊ ቡድን በተጠራበት ቀን ነው። የቀነሰለት ሰውዬ ያን ቀን አይገኝም።

6. ሰዓቱንና መንገዱን አስሉ

የትምህርት ፈረቃውንና የልምምዱን ሰዓት ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፉ። ፈረቃ ሲቀየር ምን ይሆናል? የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ቡድኑ ይለቃቸዋል? ውጤት ካርድ የሚጠይቅ አሰልጣኝ ካገኛችሁ እሱን ያዙት። መልካ ጀብዱ የሚኖር ልጅ በሳምንት አራት ቀን በባጃጅ ተመላልሶ ማን ይከፍልለታል? ከወር በኋላ ልጁን የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ስለ ጾምም ጠይቁ። በረመዳን ልምምዱ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ይጠጋል? ወይስ ካፈጠሩ በኋላ ይሆናል? ቀለል ይላል? በዐቢይ ጾምም ልጁ ሽሮና ምስር፣ ባቄላና ለውዝ በደንብ መብላቱን ቤት ውስጥ እናንተ ተከታተሉ።

ሴት ልጅ ካለቻችሁ ምርጫው ይጠባል፤ ግን አለ። ድሬዳዋ ከተማ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ ቡድን አለው። ከወንዶች ጋር በምትሠራበት ፕሮጀክት ከሆነ ብቻዋን መሆን አለመሆኗን፣ የት ልብስ እንደምትቀይርና ሲመሽ ማን እንደሚያደርሳት ጠይቁ። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

7. ከመፈረማችሁ በፊት

በልጁ ፊርማ ብቻ ምንም እንዳይሆን። ወላጅ ወይም አሳዳጊ አብሮ ይፈርም፤ ቅጂም ይዛችሁ ውጡ። በፊፋ ደንብ 18 ያልሞላው ተጫዋች ከሦስት ዓመት የበለጠ ውል አይፈርምም። «አምስት ዓመት ፈርምልን» ካሏችሁ ይህን ጥቀሱላቸው።

ለሙከራ ገንዘብ የሚጠይቅን ደላላ ከደጃችሁ መልሱት። ጅቡቲ፣ ዱባይ ወይም አውሮፓ ክለብ አስገባዋለሁ ቢል፣ 18 ያልሞላው ልጅ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በኳስ ምክንያት ወደ ውጭ ክለብ መዘዋወር በፊፋ ደንብ የተከለከለ ነው። ሰውዬው ይህን ካላወቀ ሥራውን አያውቅም። ካወቀ ደግሞ የባሰ ነው።

ልጁ በሕጋዊ መንገድ መመዝገቡን፣ ቴሴራው (የተጫዋችነት መታወቂያው) ላይ ስሙና የትውልድ ቀኑ ከልደት ሰርተፊኬቱ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ይህ ለቡድኑም ይጠቅማል። ተጫዋች በውሉ ዘመን ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲሸጥ ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ያልተመዘገበ ጊዜ ግን አይቆጠርም። ለሰፈራችሁ አሰልጣኝ ይህን ንገሩት፤ ብዙዎቹ ቡድናቸውን የማያስመዘግቡት ጥቅሙን የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ልጁን ሌላ ቡድን ካያችሁለት ደግሞ ውድድሩ እስኪያልቅ ጠብቁ። አሰልጣኙን ራሳችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩት፤ ከሌላ ሰው አይስማ። መልቀቂያውን በጽሑፍ፣ ማኅተም ያለበት ተቀበሉ። ፎቶኮፒውን ከልደት ሰርተፊኬቱ ጋር አስቀምጡና አዲሱ ቡድን ጋ ዋናውን ይዛችሁ ሂዱ።